የጋሽ ግማሽ እርሳስ

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጋራዡ ዘበኛ ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሰው ሁሉ የሚጠራው ጋሽ ግማሽ ብሎ ነው። አጭር ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ዘለግ ያለ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነበር። ስሙ የወጣለት ከአፉ በማትለየው አንዲት ቃል ነው። «ግማሹ ነው! ግማሹን እንዳትረሱ!» ይላል ጠዋት ሥራ ሲጀመር። ሲወጣ እጁን እየታጠበም ይላል። ሚስቱማ «የሌላ ሰው ባል በእንቅልፉ የሴት ስም ይጠራል፤ የኔው ግማሹን እንዳትረሱ እያለ ያባንነኛል» እያለች ጎረቤት ታስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ግማሽ በከተማው የአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ የናፍጣ ፓምፕ ሠሪ ነበር። የፓምፕ ክፍሉ ከጎማ መጋዘኑ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አቧራ እንዳይገባ መስኮቷ በምስማር የተመታ፣ ግድግዳዋ እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ የተቀባ፣ የገባ ሰው ልብሱ ሦስት ቀን ናፍጣ ናፍጣ የሚሸትባት። መሀሏ ላይ የመሞከሪያ ማሽኑ ተተክሏል። ፓምፑ ከአውቶቡሱ ተፈትቶ ይመጣና እዚያ ላይ ታስሮ ይሽከረከራል። ናፍጣው በስድስት ቀጫጭን ቱቦ ወደ ስድስት ብርጭቆ ይንቆረቆራል፤ ጋሽ ግማሽ ዓይኑን አስጠግቶ ይለካል። ታዲያ ሞተር ሁለት ጊዜ ሲዞር ፓምፕ የሚዞረው አንዴ ነው። ሞተሩ በደቂቃ ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዙር እንዳያልፍ ከተፈለገ፣ ፓምፑ ማሽኑ ላይ የሚገደበው በአንድ ሺህ አንድ መቶ ነው። ግማሹን የረሳ ሰው ሁለት ሺህ ሁለት መቶውን እንዳለ ፓምፑ ላይ ያውለዋል፤ ገደብ የሌለው አውቶቡስ መንገድ ላይ ለቀቀ ማለት ነው። ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚጮኸው ለዚህ ነበር።

ያንን ገደብ የሚጠብቀው ዕቃ ገቨርነር ይባላል፤ ከፓምፑ ጀርባ የተለጠፈ፣ ሁለት ቡጢ የሚያክል የብረት ሳጥን ነው። ጋሽ ግማሽ አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ስድስት ዓመቷ ላይ «አባዬ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቀው ግቢው መሀል አቆማትና «ዙሪ» አላት። ዞረች። «ፍጠኚ!» ፈጠነች። ሁለት እጆቿ ሳታውቀው ከጎኗ ተነሥተው ተዘረጉ።

«እጅሽን ማን አነሣው?»

«እኔ እንጃ! ራሱ ተነሣ!»

«በቃ እሱ ነው። ውስጡ ሁለት ብረቶች አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን እንዳንቺ እጅ ይዘረጋሉ። ሲዘረጉ ዘንጉን ይስባሉ፤ ዘንጉ ናፍጣውን ይቀንሳል። ሹፌሩ ወለሉ እስኪበሳ ቢረግጥ ሞተሩ እምቢ ይላል። ቶሎ እንዳይዘረጉ ደግሞ ስፕሪንግ ይይዛቸዋል። እስከየት ድረስ እንደሚይዛቸው የምወስነው እኔ ነኝ፤ በአንዲት ብሎን።» ልጅቷ ራሷ ዞሮባት መሬት ላይ ተዘርግታ ትስቃለች። እሱ ግን አልጨረሰም። «ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን አይደለም፤ ይኼንን እንዳትረሺ!» አላት፤ ለስድስት ዓመት ልጅ።

ብሎኗ ልኳን ከያዘች በኋላ ቀጭን ሽቦ በራሷ ላይ ባለች ቀዳዳ ይገባል። የሽቦው ሁለት ጫፍ ባቄላ በምታክል እርሳስ ውስጥ ያልፍና እርሳሷ በማተሚያ ፒንሳ ትጨፈለቃለች። ሰባት ቁጥር ታርፍባታለች። ከዚያ ወዲያ ያንን ብሎን መንካት የፈለገ ሽቦውን ሳይበጥስ አይሆንለትም። ሰባት የጋሽ ግማሽ ቁጥር ናት።

ፒንሳዋን የተረከባት ሙያውን ካስተማረው ሽማግሌ ነው፤ አረካከቡ ግን ደስ አይልም። ሽማግሌው አንድ ጊዜ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ፣ የልጅነት ጓደኛው ለምኖት የአንዱን አውቶቡስ ብሎን ሁለት ዙር ፈታለትና መልሶ አተመለት። ከወር በኋላ ያ አውቶቡስ ሜዳውን ሲከንፍ ቆይቶ ኩርባው ላይ አልታጠፍ አለ። ተገለበጠ። ፓምፑ ለምርመራ ሲመጣ የከፈተው ጋሽ ግማሽ ነበር፤ ያኔ ገና ወጣት ነው። ማኅተሙ ንጹሕ፣ ሰባት ቁጥር ፍንትው ብላ የምትታይ፤ ብሎኗ ግን ከልኳ ወጥታለች። ቀና ሲል አስተማሪው በሩ ላይ ቆሟል። ተያዩ። ሽማግሌው ፒንሳዋን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወጣ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ብረት የሚባል ነገር በእጁ ነክቶ አያውቅም አሉ። ጋሽ ግማሽ ፒንሳዋን ያነሣው «በኔ እጅ አይደረግም» ብሎ ነው። አላስደረገምም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት።

ሹፌሮቹ ግን ዓይኑን ማየት አይወዱም። ቶሎ የጨረሰ ቶሎ ቤቱ ይገባል፤ እሱ ደግሞ እግራቸውን የያዘባቸው ሰው ነው። ምሳ ሰዓት አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ከጎኑ ያለው ሰው ሻይውን ይዞ ይነሣል። ከሁሉ የከፋው ንፋስ የሚሉት ሹፌር ነበር።

«ጋሽ ግማሽ፣ እስቲ ለኔ ብቻ አንድ ዙር ፍታልኝ! ትናንት ሚስቴ በእግሯ ደረሰችብኝ እኮ!»

«ከደረሰችብህማ አንተ ውረድና እሷ ትንዳ።»

«ልጅህን ስትድር ሙሽራውንም ግማሹን ነው የምትሰጣት?»

ካፍቴሪያው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ግማሽ ዳቦውን ቀስ ብሎ አኘከ። መቼም ሰው ነውና ሳይሰማው አይቀርም፤ ግን ከንፋስ ቀልድ ይልቅ የዚያች ንጹሕ ማኅተም ነገር ነበር በሕልሙ የምትመጣበት።

ልጁን የዳራት እዚያው ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ነው። አማቹ ድምፁ የማይሰማ፣ ታዛዥ፣ አማቱን እንደ ፈተና የሚፈራ ሰው ነበር። ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል ያጥባል፣ ቱቦ ይፈታል፤ ገቨርነር ግን ነክቶ አያውቅም። ጋሽ ግማሽ ያንን ለማንም አያስነካም። ልጁ ባሏ በተሰጠው የድርጅቱ ቤት ትኖር ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ ፊት ለፊቷ የልብስ ማስጫ ገመድ ያለባት ንጹሕ ቤት። በዚህ በምነግራችሁ ጊዜ ሰባተኛ ወሯ ገብቶ ነበር።

በሠላሳ አንደኛው ዓመት ጋሽ ግማሽን የዓይን ሞራ ጋረደው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ናፍጣ ወተት መስሎ ይታየው ጀመር። ሐኪሞቹ ሞራውን እንግፈፍልህ፣ ሦስት ሳምንት ታርፋለህ አሉት። ጊዜው ደግሞ ዓመታዊ ምርመራ የደረሰበት፣ አሥራ አንድ አውቶቡሶች ባንድ ላይ የተደረደሩበት ነው። የጋራዡ ኃላፊ መጣና «ፒንሳዋን ለአማችዎ ያስረክቡ፤ የድርጅቱ ንብረት ናት» አለው። ሰጠ። ጥቁር ሽፋን ያላትን ደብተሩንም ሰጠ፤ የያንዳንዱ አውቶቡስ ልክ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈባትን።

«ሁሉም እዚያ አለ» አለው አማቹን። «ግማሹን ብቻ እንዳትረሳ።»

«አልረሳም አባባ።»

አልረሳምም። ችግሩ የመጣው ባለመርሳቱ ነው።

ሆስፒታል ዓይኑ ታስሮ በተኛበት፣ ሚስቱ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰችው፣ ከጎኑ የተኛውን በሽተኛ ሊጠይቅ አንድ ዘመዱ ወሬ ይዞ መጣ። ከተማው ጉድ ሆኗል አለ። ከምርመራ የወጡት አሥራ አንዱ አውቶቡሶች ሰኞ ጠዋት ባንድ ጊዜ መንገድ ገብተው፣ ግቢ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ደህና የነበሩት፣ መንገድ ላይ እንደ ኤሊ ይሳባሉ። ሰው በመስኮት እየዘለለ ወርዶ በእግሩ ይቀድማል። ዳገት ላይ አንዱ ቆሞ ከኋላው እስከ ድልድዩ ድረስ መኪና ተሰልፎ ክላክስ ያስጮሃል። ንፋስማ ጭራሽ መሪውን ለቆ በመስኮት ወጣ ብሎ «ግፉኝ ወገኖቼ! ግማሽ በላኝ!» ይል ነበር አሉ። በሽተኞቹ እስኪያስላቸው ሳቁ። ጋሽ ግማሽ ግን ሚስቱ ያቀረበችለትን ማንኪያ በእጁ መለሰ።

ዓይኑ በተፈታ በሦስተኛው ቀን ጋራዥ ሄደ። የሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ጥፋቱ የሰው እጅ ከሆነ ያ ሰው ይሰናበታል፤ የዕቃው ከሆነ ገቨርነር የተባለ ሁሉ ማኅተሙ ተቆርጦ ሥራ ያቆማል፤ ኮሚቴ ነገ ይወስናል ይላል። ሹፌሮቹ ከበው ያነቡታል፤ ፊታቸው ላይ ያለው የበዓል ዋዜማ ፊት ነው። ጋሽ ግማሽ አልፏቸው የፓምፕ ክፍል ገባና ደብተሩን ገለጠ። አዲሱ ዓይኑ ጥሩ ያያል፤ ምነው ባላየ። 1100 ይላል በራሱ ሰማያዊ ቀለም። ከጎኑ በቀጭን የእርሳስ ጽሑፍ፣ 550። ገለጠ፤ 550። አሥራ አንድ ገጽ ላይ እንዲያው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ኖዝል ወደሚያጥበው አማቹ ዞሮ።

«ግማሹ ነዋ አባባ» አለ አማቹ። «ግማሹን እንዳትረሳ ብለውኝ የለ?»

«የተጻፈው እኮ ግማሹ ነው! ከዚያ ላይ ደግሞ ገመስከው?»

«ግማሽ ነው የሚል የት ተጽፏል?»

ጋሽ ግማሽ ደብተሩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ አራቀ። አልተጻፈም። በየጊዜው ማካፈል ቢሰለቸው ከሃያ ዓመት በፊት ራሱ አካፍሎ የጻፈው ቁጥር ነው። ሌላ ሰው ያነበዋል ብሎ አላሰበም። ሌላ ሰው እንዲያነበው አልፈለገማ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሁሉ የሳቀባት ቃሉ፣ አንድ ሰው አምኗት ቢይዛት ይኼን አመጣች።

«ኮሚቴውን ምን አልካቸው?» አለ በመጨረሻ።

«ስፕሪንጎቹ ደክመዋል አልኩ።»

«ስፕሪንግ ሲደክም ምን ይሆናል?»

«ብረቶቹን መያዝ ያቅተዋል። ቶሎ ይዘረጋሉ። ናፍጣው ቶሎ ይቀንሳል። አውቶቡሱ ይዘገያል።» አማቹ አንገቱን ደፋ። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

ውሸቱ እንኳ ሙያ ያለው ውሸት ነበር።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች፤ የሕፃን ልብስ፣ የልጃቸው የራሷ የነበረ። ሁሉንም ነገራት። የመጨረሻዋን አጥፋ ደረደረች።

«ከተባረረ ቤቱን ይነጠቃሉ» አለች። «ልጄ በዚህ ሆዷ ዕቃዋን ተሸክማ የት ትውደቅ? እኛ ዘንድ? በዚች አንድ ክፍል?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልበላቸው?»

«ዓይንህ ታስሮ? እኔ እያጎረስኩህ? ማን ያምንሃል አንተ ሰው! የታተመበት ቀን አልተጻፈም?»

ተጽፏል፤ የማኅተሙ መዝገብ ላይ።

«ማኅተሙን ሊቆርጡት እኮ ነው። የሁሉንም። ስድሳ ስምንት አውቶቡስ ልቅ ሊሆን ነው። ገባሽ?»

«እርሳስ ነው!» አለች ድምፅዋ ተሰብሮ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ከእርሳስ ጋር ተጋብተህ ኖርክ፤ አንድ ቀን ምን አልኩህ? አሁን ግን ልጄ ናት።»

በማግስቱ ጠዋት ከጸሐፊዋ ላጲስ ተዋሰ። «ጋሽዬ፣ ትምህርት ጀመሩ እንዴ?» አለችው። ከጎማ መጋዘኑ ጀርባ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠና ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘረጋ። መቼስ ቋንቋችን የሚታተመውንም እርሳስ ይለዋል፣ የሚጻፈውንም። አንዱን ለመንካት ሽቦ መበጠስ አለበት፤ ሌላው በላጲስ ይለቃል። አሥራ አንዱን 550 አንድ በአንድ አጠፋ። ፍርፋሪውን በትንፋሹ እፍ እያለ ያራግፋል። ለካ የለመደ እጅ ምን እንደሚሠራ አይጠይቅም። ያ ሽማግሌ አስተማሪው በዚያን ሰዓት ትዝ አለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈርድበት አስታወሰው።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ኃላፊው ደብተሩን አገላብጦ አየና መለሰለት። «እርስዎ ያሉት ያልቃል። ስፕሪንጉ ነው ወይስ እጅ?»

ጋሽ ግማሽ በአዲሱ ዓይኑ ሁሉን ሰው አጥርቶ ያያል። አማቹ የጠረጴዛውን ጠርዝ ቀለም በጥፍሩ ሲልጥ ያያል።

«ስፕሪንጉ ነው» አለ።

ከኮሚቴው አንዲት ሴት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አሥራ አንዱም? ባንድ ጊዜ ደከሙ?»

«ሰውም ባንድ ጊዜ ይደክማል፣ እመቤቴ።»

በዚያው ሳምንት አውቶቡሶቹ ተሰልፈው ማኅተማቸው ተቆረጠ፤ ብሎናቸው እስከ መጨረሻው ወጣ። አዲስ ዕቃ እስኪገዛ ለጊዜው ነው ተባለ። ሹፌሮቹ በየሽቦው መበጠስ ያጨበጭባሉ። ጽዳቷ እርሳሶቹን ከዘይት ጋር ጠርጋ በአካፋ አነሣቻቸው። ጋሽ ግማሽ ከአካፋው ላይ አንዷን አንሥቶ ኪሱ ከተተ፤ ፒንሳዋን ለንብረት ክፍል መለሰ። ደብተሩን የጠየቀው አልነበረም። ጡረታ ሲወጣ ኃላፊው ንግግር አደረገለት፤ «በጥንቃቄያቸው የታወቁ» ሲል ንፋስ ከኋላ አጨበጨበ።

ልጁ ሴት ልጅ ወለደች። አማቹ ሥራው አለ፣ ቤቱ አለ፣ ገመዱ ላይ የሕፃን ልብስ ይውለበለባል። ከአማቱ ጋር ሲገናኙ ስለ አየር ነው የሚያወሩት። አዲሱ ዕቃ ግን ዓመት ሊሞላው ነው፤ አልመጣም።

የክትባት ቀን ልጁ ከነሕፃኗ ከተማውን አቋርጣ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ጋሽ ግማሽ ፌርማታው ድረስ ይሸኛታል። አንድ አውቶቡስ መጣ፤ «ይለፍ» አላት። ሌላ መጣ፤ «ይኼም ይለፍ።» ሦስተኛው መጣ።

«አባዬ፣ ሦስት አለፈን እኮ! ምን እየጠበቅን ነው?»

የሚጠብቀው አንድ ሽማግሌ ሹፌር ነው፤ ማኅተም ኖረም አልኖረ ቀስ ብሎ የሚነዳ። ያንን አልነገራትም። ቢነግራት «ለምን?» ትላለቻ። «ይጨናነቃል ብዬ ነው» አላት።

«ባዶ እኮ ነው!» ሳቀች። ከዚያ ዓይኑን አየችና ሳቋን ተወች። «ስለዚያ ስለ ገቨርነሩ ነው? አባዬ፣ ተወው እንጂ። ስፕሪንጎቹ አርጅተው ነበር። ያረጀ ነገር ከሚያስቸግር ቢነሣ ይሻላል። አንተ ራስህ አይደለህ ያልከው?»

እውነቱን ለመንገር የምታስፈልገው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ምላሱ ጫፍ ላይ መጣች። ሕፃኗ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ትኩር ብላ ታየዋለች፤ አፍንጫዋ የአባቷ ነው።

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ ያልኩት።»

አራተኛው አውቶቡስ ፍሬኑን አስጮሆ ከፊታቸው ቆመ። ንፋስ ነው፤ ክርኑን መስኮት ላይ ጥሎ ጥርሱን ከፍቶ ይስቃል። «ጋሽ ግማሽ! ዛሬ እኮ ሙሉ ነን!»

ልጁ ጉንጩን ሳመችውና ገባች። በሩ ተዘጋ።

ጋሽ ግማሽ ዓይኑ ሳይበራም ጆሮው የአሥር ሰው ጆሮ ያህላል። ሁለተኛ ማርሽ ገባ። ሦስተኛ። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ያለው ሜዳ ላይ አራተኛ ገባ፤ የሞተሩ ድምፅ ሽቅብ ይወጣ ጀመር። አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ሁለት ሺህ። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ። ሠላሳ አንድ ዓመት ድምፁ እዚህ ላይ ሲደርስ የሆነ ሰው ትከሻውን እንደያዘው ቀጥ ይል ነበር። እጁ ኪሱ ውስጥ ያችን እርሳስ ጨብጧል፤ ሰባቷን በአውራ ጣቱ ይዳብሳታል። ድምፁ አልቆመም። ወጣ፤ ደግሞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ እሱም ቁጥር አጣለት።

አውቶቡሱ ልጁን ይዞ እስኪመለስ እዚያው ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ በወጣች ቁጥር አይቀርም፤ ፀሐይም ቢሆን ዝናብም ቢሆን ፌርማታው ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ድልድዩ አስግጎ ይጠብቃል። አላፊ አግዳሚው ያየውና «አይ አያት! ከአሁኑ የልጅ ልጁ ናፍቃው» ይላል።